የአባባን ዘለበት ይዤ ኦክላንድና ሳን ሆዜ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ጀምሮ ሱቄ ደጃፍ የሚቆም ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፎቁና ስለ መኪናው ብዛት ነው። ፎቁንማ እናንተም በቴሌቪዥን አይታችሁታል። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ የቀበቶ ዘለበት ነው። የሄድኩት እሱን ይዤ ነው፤ ሰው ቤት በእንግድነት ገብቼ አንገቴን ደፍቼ የሰነበትኩትም በእሱ ምክንያት ነው።

ለማታውቁኝ፣ ብዙነሽ እባላለሁ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ጠርዝ ላይ ቀበቶና ቦርሳ እጠግናለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው ያነበብኩት። ታላቅ ወንድሜ ግርማ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ በሱዳን በኩል ወጥቶ ኦክላንድ በሚባል ከተማ ታክሲ ሲነዳ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰው ቴምብር ይሰበስባል፣ ሰው ሳንቲም ይሰበስባል፤ ጋሼ የሚሰበስበው የድሮ የጀርመን ወታደር የቀበቶ ዘለበት ነው።

የነገሩ መነሻ አባታችን ነው። አባባ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ከምናለሽ ተራ የቃረመውን አንድ የነሐስ ዘለበት ዕድሜውን ሙሉ ታጥቆ ኖረ። ዘለበቱ መሐሉ ላይ ነጣ ያለ ክብ አለው፤ በክቡ ላይ ዘውድ፣ በዘውዱ ዙሪያ የፈረንጅ ጽሑፍ። ምን እንደሚል ከሰፈሩ ማንም አያውቅም ነበር። ጋሼ አሜሪካ ከገባ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አንድ እሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ ሲዞር ቁርጥ የአባባን የመሰለ ጠረጴዛ ላይ ያያል። እግሩ እዚያው ተሳሰረ። ሻጩ ሚስተር ራልፍ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ጽሑፉ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት እንደሆነ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረ የጀርመን ወታደር የታጠቀው እንደሆነ ነገረው።

«እስቲ አስቢው ብዙዬ፣» አለኝ ያን ቀን በስልክ እየጮኸ፣ «አማኑኤል ማለት እኮ ነው! አባባ አማኑኤል ደብር ሥር ተወልዶ፣ ስሙን ሳያውቅ ወገቡ ላይ አስሮ ኖረ!»

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዘለበት ሰብስቧል። የአባባ ግን በእኔ እጅ ነበር። ሚሊኒየሙን ባከበርን በሁለት በሦስት ዓመቱ ቪዛ ሲሰጠኝ፣ «ሌላ ምንም አልፈልግም፤ እሱን አምጪልኝ» አለኝ። አትንኪው ብሎ መንገር አልታየውም። እኔም መጠየቅ አልታየኝም።

ዘለበቱ ከኋላ መንጠቆው ተሰብሮ ጫፉ እንደ ሚስማር ሹል ሆኖ ነበር። ዕድሜዬን ቀበቶ ስጠግን የኖርኩ ሴት፣ ለወንድሜ የተሰበረ ዘለበት ይዤ ልሂድ? ነውር አይደለም? ጎረቤቴ ነሐስ ሠሪው ጋሽ ሙሉጌታ ዘንድ ወሰድኩት። አሮጌውን መንጠቆ ቆርጦ አንስቶ፣ ከቧንቧ ነሐስ ቀጥቅጦ፣ ሞርዶ፣ አዲስ መንጠቆ በየደልኝ። ጥቁረቱን ደግሞ እኔ ራሴ በሎሚና በአመድ አሸሁት። ፀሐይ መሰለ። በጋዜጣ ጠቅልዬ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ

ቦሌ ስደርስ የሐምሌ ዝናብ እንደ ጉድ ይወርዳል። ጫማዬ በጭቃ ተለውሶ ስለነበር በረንዳው ላይ ቆሜ በመሐረብ ስጠርግ፣ አንዲት ወጣት የጥበቃ ሠራተኛ «እማማ፣ እዚያ ጭቃ የለም፤ ይሄንኑ ጠርገው ሲጨርሱ ይናፍቅዎታል» ብላ አሳቀችኝ። በርበሬውና ሽሮው ተመዝኖ ገባ። አውሮፕላን ውስጥ ወንበሬ መስኮት ጋ ነበር፤ ግን መሐል ላይ ለተቀመጠች ነፍሰ ጡር ለቅቄላት እኔ የእሷ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ሰማዩን አላየሁትም። የአስተናጋጆቹን ቀበቶ ግን አንድ ባንድ አየሁ። ስፌቱ ጥሩ ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ፍራንክፈርት ወረድን። አውሮፕላን እስክንቀይር ፍተሻ አለ። የእኔ ቦርሳ በማሽኑ ሲያልፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድ ቀይ ፂም ያለው ጎረምሳ ፈታሽ ጋዜጣዬን ፈታው፤ ዘለበቱን አይቶ ዓይኑን አፈጠጠ፤ እኔን አየ፤ እንደገና ዘለበቱን አየ። ከዚያ አንድ ሸበቶ አለቃውን ጠራ። ሸበቶው መነጽሩን አድርጎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበው፤ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀኝ። የማውቃት እንግሊዝኛ ይህች ናት፤ «ፋዘር፣» አልኩና ወገቤን አሳየሁት፣ ወደ ሰማይም ጠቆምኩ። ገባው። በጣቱ የነካውን ቦታ በእጅጌው ጠርጎ፣ ከእኔ በተሻለ አጣጥፎ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ዘለበቱ ከስንት ዘመን በኋላ አገሩ ገብቶ፣ ተፈትሾ፣ አንድ ሻይ እንኳ ሳይባል ተሸኘ።

ሳን ፍራንሲስኮ ስንወርድ እዚያም ገና ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቀኑ አላልቅ አለ። ጋሼ መውጫው ላይ ቆሞ ነበር። ያን ዘንጋዳ የመሰለ ሰው ሸበቶና ወፍራም ሆኖ አገኘሁት። ብድግ አድርጎኝ ሲያበቃ ወገቡን ይዞ አቃሰተ። ሚስቱ ሰናይት አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ በሆቴል ውስጥ የምትሠራ ሳቂታ ሴት ናት። ገና ሳትስመኝ ሹራብ አለበሰችኝ። «ሐምሌ ነው፣ በጋ ነው ተብለሽ ይሆናል፤ ውሸት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ባሕሩ ላይ ጉሙ እንደ እንጦጦ ማለዳ ይንከባለላል። ትልቁን ድልድይ ተሻግረን ኦክላንድ ስንገባ ግን ፀሐይ ወጣ። በስተ ኋላ ያለው ተራራ ሳሩ ሁሉ ደርቆ አጨዳ የደረሰ የጤፍ ማሳ መስሏል። በሐምሌ!

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አፓርትመንት ነው። የተኛሁት ሲስቡት አልጋ በሚሆን ሶፋ ላይ ነው።

ረቡዕ

ጋሼ ኦፍ ወስዶ ዋለ። ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ አነጠፈና ባለ መስተዋት ክዳን ሣጥኑን አወጣ። ሰማያዊ ከፋይ ላይ ስምንት ዘለበት ዙሪያውን ተደርድሯል፤ መሐሉ ላይ አንድ ባዶ ጉድጓድ።

«ይኼ ነሐስ ነው፤ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ። ይሄኛው ብረት ነው። ጦርነቱ ሲረዝም ነሐሱ አለቀባቸው፣ ግራጫ ቀብተው በብረት ይሠሩት ጀመር። ይሄ ደግሞ ባቫሪያ ከሚባለው ክፍለ ሀገራቸው ነው፤ ጽሑፉ ሌላ ነው።» ሲናገር ድምፁ እንደ አስተማሪ ሆነ።

እኔ ግን ሁሉም ጠቋቁረው፣ ተጫጭረው፣ አንዱማ ዝገት ይዞት ሳይ በልቤ፣ «ምነው ሳይወለውላቸው? እዚህ አገር ሎሚ የለም እንዴ?» አልኩ። አምላኬን ምስክር አድርጌ ነው የምጽፈው፣ እንዲህ ነው ያሰብኩት።

ከዚያ የእኔን ሰጠሁት። ጋዜጣውን ቀስ ብሎ ፈታው። ዘለበቱ ፊቱ ላይ አበራ። ገለበጠው። አውራ ጣቱን አዲሱ መንጠቆ ላይ አድርጎ ቆየ።

«ይሄ መንጠቆ…»

«አሠራሁልህ!» አልኩ በኩራት።

«የድሮውስ?»

«ምን ያደርጋል ጋሼ፣ ስባሪ! እዚያው ጣልነው።»

ፎጣውን አየ፤ እኔን አየኝ። «ቆንጆ ነው። እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ሣጥኑን ከደነው፤ መሐሉ ባዶውን። «የመኪናዋን ዘይት ልቀይር» ብሎ ወረደ፤ ምሳ እስኪደርስ ከመኪናው ሥር አልወጣም።

ሰናይት ከሥራ ገብታ ዕቃ ስናጥብ፣ ቧንቧውን ዘጋችና ዞር አለች።

«ብዙዬ፣ እኔ ካልነገርኩሽ እሱ ምላሱ ቢቆረጥ አይነግርሽም። ቅዳሜ ሳን ሆዜ የአሮጌ ዕቃ ሾው አለ፤ በዓመት አንዴ ነው። ሰብሳቢዎቹ ሁሉ ሣጥናቸውን ይዘው ይመጣሉ። ግርማ ለሁሉም ነግሯል፤ ‹የአባቴ እየመጣ ነው፤ ከወገቡ ከወረደ ማንም አልነካውም› ብሎ። እነሱ ዘንድ የተወለወለና የተበየደ ዕቃ፣ በቃ፣ ሞቷል።»

«ሞቷል?»

«ሞቷል። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው ይላሉ። ስብራቱም የራሱ ነው ይላሉ።»

«እኔ ነኛ የገደልኩት?»

«አንቺና ሎሚው።»

ሳቅንም አለቀስንም። እኔ ግን ያን ዕለት እህል አልወረደልኝም። ሰውዬው ዓመታት ሙሉ አንድ ቦታ ባዶ አስቀምጦ ጠበቀኝ፤ እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረስኩለት።

ሐሙስ

ሁለቱም ገና ሳይነጋ ሥራ ወጡ። እኔ ጥፋቴን በሥራ ላካክስ ብዬ ቤቱን ጠራርጌ ቆሻሻውን ይዤ ወደ ኮሪደሩ ስወጣ፣ በሩ ከኋላዬ ቀጭ አለ። የዚያ አገር በር ራሱን ይቆልፋል። የእኛ በር እኮ ተለምኖም አይዘጋም! በነጠላ ጫማ፣ በሌሊት ልብስ፣ የቆሻሻ ከረጢት ይዤ ቀረሁ።

ከፊት ለፊት ያለው በር ተከፈተና አንድ ኮፍያ ያጠለቁ ሽማግሌ ብቅ አሉ። «የግርማ እህት ነሽ፣ አይደል?» አሉኝ በጠራ አማርኛ። ሐጂ ኢድሪስ ይባላሉ፤ ከረን ተወልደው ዕድሜያቸውን ያጋመሱት አዲስ አበባ፣ ጨርቅ ሲነግዱ ነው። አስገብተው የባለቤታቸውን ጋቢ ደረቡልኝ፤ ሻይ በቅርንፉድ አፍልተው፣ ቴምር አቀረቡልኝ። «ግቢ ልጄ፣ አትፈሪ፤ ይሄ በር እኔንም አራት ጊዜ አስወጥቶኛል።»

ሳላስበው ጉዴን ዘረገፍኩላቸው። ሰሙኝና፣ «ታዲያ መንጠቆውን የጣለው ሰውዬ ስልክ የለውም?» አሉ። የስልክ ካርዳቸውን አወጡ፤ ቁጥሩን በጥፍራቸው ፍቀው ራሳቸው ደወሉ። እዚያ ከጥዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ መርካቶ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጋሽ ሙሉጌታ ገና አልዘጋም።

«ጋሽ ሙሌ! ያ ከአባባ ዘለበት የቆረጥከው መንጠቆ አለ?»

«ማን ናት? ብዙነሽ? ከአሜሪካ ደውለሽ ስለ ስባሪ ነው የምትጠይቂኝ?»

«እባክህ ፈልግልኝ!»

የብረት መንኳኳት ሰማሁ። ሲያገላብጥ፣ ሲያጉረመርም ቆየ። «እቴ፣ ያለፈውን ሳምንት ስባሪ ሁሉ ማክሰኞ አቅልጠነዋል። እስካሁን ለአንዱ ቤት የቧንቧ እጀታ ሆኗል።»

ስልኩን ለሐጂ ኢድሪስ መለስኩ። እሳቸውም ሻዬን ሞሉልኝ። ሰናይት እስክትመጣ እዚያው ዋልኩ። ስለ ጨርቅ አወራን፤ የቀበቷቸውን ቀዳዳ በወስፌ አሰፋሁላቸው። እሱን እንኳ ሦስት ጊዜ ጠይቄ ነው የነካሁት።

ዓርብ

ጋሼ «ዛሬ አብረሽኝ ዋይ» ብሎ በታክሲው ይዞኝ ዞረ። ሐይቁን አሳየኝ፤ ወደቡን አሳየኝ፤ የመርከብ ዕቃ ማንሻዎቹ ከሩቅ ቀጭኔ ይመስላሉ። ስለ ዘለበቱ አንድም ቃል አላነሳም። ዝምታው ከሚቆጣኝ ይልቅ ከበደኝ።

ምሳ የሜክሲኮዎች የምግብ መኪና ጋ ቆምን። ጾም ነው ስለው ባቄላና ሩዝ ያለበት ነገር በወረቀት ተጠቅልሎ አመጣልኝ። እኔ እንጀራ መሰለኝ፤ የመኪናው ኮፈን ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ፣ ቂጣውን ፈትቼ አነጠፍኩትና እየቆረስኩ ማጥቀስ ያዝኩ። ምግብ የምትሸጠው ሴትዮ በመስኮቷ አይታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ወዲያው ግን ሁለተኛ ባዶ ቂጣ ይዛ ወርዳ ሰጠችኝ። መቁረሻ እንዲሆነኝ! ጋሼ ሳቀ። ሲስቅ አባባን ይመስላል። ያኔ ነው በሆዴ የያዝኩትን ያወጣሁት።

«ጋሼ፣ ሰናይት ነገረችኝ።»

ሳቁን ሰበሰበ። «ምን ብላ?»

«ሞቷል ብላ።»

«እሷ ደግሞ ታጋንናለች። ነገ እኔ ስምንቱን ይዤ እሄዳለሁ። መሐሉን ባዶውን እተወዋለሁ። አልመጣም እላቸዋለሁ፤ ጉምሩክ ያዘው እላለሁ።»

«ልትዋሽ?»

«ታዲያ እህቴ በሎሚ አጠበችው ልበል?»

«በል! እኔም እመጣና እላለሁ።»

ወደ መኪናው ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪ ገባ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ቅዳሜ

በማለዳ ወደ ሳን ሆዜ ወረድን። መንገዱ ኤይት ኤይቲ ይባላል፤ በአንድ በኩል አምስት አምስት መስመር አለው። ሰናይት ከኋላ ተቀምጣ ዳቦ ታከፋፍለናለች። ዘለበቱ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ጋሼ ይዤው እንደመጣሁ ያውቃል፤ ያዢው አላለኝም፤ ተዪውም አላለኝም።

ሾው ያሉት ሰፊ አዳራሽ ነው። የእኛን ምናለሽ ተራ ጣራ አልብሳችሁ፣ አፍ አስይዛችሁ አስቡት። ሽማግሌዎች በየጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ ማንም «ነይ እዚህ ጋ» ብሎ እጅ አይጎትትም። ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ ላይ የኋለኛው፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘለበቶች ነበሩ፤ ንስሩ ጠማማውን መስቀል የጨበጠባቸው። ጋሼ ወንበሩን ወደ ሌላ ጎን አዞረ። «ያንን በነጻ ቢሰጡኝ ቤቴ አላስገባም» አለኝ። ሚስተር ራልፍም አይነካውም አሉ።

ሚስተር ራልፍ ረጅም፣ ጎባጣ፣ እጁ እንደ አካፋ ሰፊ የሆነ ሰው ነው። ኮምፒውተር ሳይመጣ ሳን ሆዜ ሁሉ የፍራፍሬ እርሻ በነበረ ጊዜ፣ ፍራፍሬ በቆርቆሮ በሚታሸግበት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነበር። ገና ሲያየን ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለ። መሐሉ ባዶ ነው። ጋሼን ቀና ብሎ አየውና አንድ ነገር ጠየቀ። ጋሼ አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት።

«ሰናይት፣ ንገሪልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወንድሜ ምንም አያውቅም።» ዘለበቱን አውጥቼ ሰጠሁት።

ሰናይት ተረጎመች፤ ሎሚውን ሳይቀር። ሚስተር ራልፍ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ተክሎ ፊቱንም ጀርባውንም አገላበጠ። ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ተጠጉ። በመጨረሻ ተናገረ፤ ሰናይት ስትተረጉም ድምፅዋን ቀነሰች። «እውነተኛ ነው ይላል። ግን ተበላሽቷል። ከሌሎቹ ጋር እንደ ኦሪጅናል ሊቆም አይችልም።»

የጋሼ ጆሮ ቀላ። እኔ መሬቱን አየሁ።

«መንጠቆውን የሠራው ማሽን ምን ዓይነት ነው ይላል።»

«መዶሻና ሞረድ ነው በይው።»

ሚስተር ራልፍ አፏጨ። ለጓደኞቹ አሳያቸው። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሮ ሰብሳቢ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀ፤ ይሄ ዘለበት የአባትህ ለመሆኑ ማስረጃህ ምንድን ነው፣ ወረቀት አለ ወይ? ጋሼ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ወረቀቱ ጀርባዬ ላይ ነው» አለ፤ ሰናይት ተረጎመችልኝ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እነሱም በአባት ቀበቶ እየተገረፉ ያደጉ ናቸው መሰለኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

«የለም ጋሼ። ዘለበቱስ ነክቶህ አያውቅም።»

«እንዴት?»

«የእነ ተስፋዬ አባት ሲገርፍ ዘለበቱን ወደ ውጭ ነው የሚያደርገው። የተስፋዬ ግንባር ላይ ያለውን ጠባሳ ታውቀዋለህ። አባባ ግን ዘለበቱን በጭብጡ ውስጥ ይይዘውና በቆዳው ጫፍ ነበር የሚገርፈው። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ስለምትቆም አላየህም። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አያለሁ። ሲጨርስ ወደ ጓሮ ወጥቶ እጁን ይከፍታል። መዳፉ ላይ ዘውዱ ታትሟል። መንጠቆው ደግሞ ወግቶት ይደማል። እማማ ጨው በውኃ ታቀርብለታለች፤ ምን ሆንክ አትለውም፤ እሱም አይናገርም።»

ይህን እየተናገርኩ ነው ምን እንደጣልኩ የገባኝ። ያ ስባሪ ያልኩት፣ ያ ሹል፣ ለቧንቧ እጀታ የሰጠሁት፣ የአባባን እጅ የወጋው እሱ ነበር። ሰናይት መተርጎሙን ትታ እኔን ታየኛለች።

ጋሼ ዘለበቱን ከሚስተር ራልፍ እጅ ወሰደ። በቀኝ እጁ ጭብጥ ውስጥ አደረገውና በሙሉ ኃይሉ ጨበጠው። ከዚያ መዳፉን ከፍቶ አየ።

«ያንቺው አይወጋም» አለኝ።

«ጋሽ ሙሌ ጠርዙን ሁለቴ ነው የሞረደው» አልኩት።

ሰናይት ቀስ ብላ ለሚስተር ራልፍ ነገረችው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ ከኪሱ አንድ ነጭ ካርድ አወጣ። እነሱ ዘንድ ደንብ አለ፤ የተጠገነ ዕቃ ምን እንደተደረገለት፣ ማን እንዳደረገው በግልጽ ከተጻፈበት መቆም ይችላል፤ ነውሩ መደበቁ ነው። ጋሼ ብዕር ይዞ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ሰናይት አነበበችልኝ፦

«የአቶ ወልዴ፣ የመርካቶ የመጋዘን ዘበኛ። መንጠቆው የተተካ፤ በልጃቸው በብዙነሽ ትእዛዝ፣ በጎረቤት እጅ። የተወለወለ፤ በሎሚና በአመድ።»

«ኧረ ስሜን አውጣው!»

«አላወጣም። ደንብ ነው።»

ዘለበቱ መሐሉ ላይ ገባ። ከስምንት ጥቋቁሮች መሐል ብቻውን እያበራ፣ ለቅሶ ቤት ነጭ ለብሳ የመጣች ሴት መሰለ። ካርዱን አንብቦ ያልሳቀ፣ ከሳቀ በኋላ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ያላየ ጥቂት ነው። አንድ ክራባት ያሰረ ሰውዬ ግን ሣጥኑን አይቶ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ጋሼ እንደከፋው አየሁ፤ ሣጥኑን ግን አልከደነም። ሚስተር ራልፍ ከግቢው ዛፍ የለቀመውን ፕለም የሚሉትን ፍሬ በከረጢት ሰጠኝ። ጣፋጭ ነው፤ የእኛ ኮክ ግን ይበልጠዋል።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ ሰናይት ከኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

«ይደማ ነበር ነው ያልሽው?» አለኝ ጋሼ።

«ይደማ ነበር።»

ሄይዋርድ የምትባል ከተማ ደረስን። ከዚያ፣ «ሌላስ ምን አየሽ?» አለኝ። እኔም በር ሥር ቆሜ ያየሁትን ሁሉ እቤት እስክንደርስ ነገርኩት። መኪናውን ፓርክ ካደረገ በኋላም አልወረድንም።

እሑድና ከዚያ ወዲህ

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ካሳሁን፣ ዘነበች እያሉ የሚጠሯቸው ልጆች በእንግሊዝኛ ሲመልሱ ሰማሁ፤ ጉልበት ግን እንደኛው ይስማሉ። የቀሩት ሦስት ቀናት በግብዣ አለቁ። ሐጂ ኢድሪስ አንድ ከረጢት ቴምር ለመንገዴ ይዘው መጡ፤ በሩን ከኋላቸው በእግራቸው ደግፈው። ጋሼ ሲሸኘኝ ብዙ አልተናገረም፤ እጄን ይዞ፣ መዳፌን ገልብጦ አየና ሳመው። ስመለስ ፍራንክፈርት ላይ ማንም አላስቆመኝም።

ሱቄን በከፈትኩ በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ቀበቶ ይዞ መጣ። ዘለበቱ ተሰብሯል።

«የማን ነው?» አልኩት።

«የእኔ ነው እንጂ የማን ይሆናል?»

«ካንተ በፊትስ?»

«የአባቴ። ኧረ ቶሎ በይልኝ እማማ፣ ሱሪዬን ይዤ ነው የቆምኩት!»

ሠራሁለት። ጥሩ አድርጌ ሠራሁለት። ታጥቆ ሊሄድ ሲል አስቆምኩትና ስባሪውን በወረቀት ጠቅልዬ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?»

«እኔ አላውቅም። ለማንኛውም ያዘው።»

ግራ ተጋብቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው።